የዘር ሊቁ የኒኮላይ ቫቪሎቭ የሕይወት ታሪክ

በመሸንቲና በዙሪያዋ ጤፍ፥ ዳጉሳ፥ ኑግና በቆሎ ሲዘራና ሲታጨድ እያየን ያደግን ሁሉ፥ ዘር ማለት ከጎተራ ወጥቶ ወደ ማሳ የሚሄድ፥ ከማሳም ተመልሶ ወደ ጎተራ የሚገባ ተራ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን ለዚሁ ዘር ሲል በባቡር፥ በመርከብ፥ በበቅሎና በእግሩ ዓለምን የዞረ፥ ወደ አገራችንም መጥቶ በጣና አካባቢ በኩል እስከ ጎንደርና እስከ አክሱም የተጓዘ፥ በመጨረሻም ስለ ዘር ያወቀውን አልክድም በማለቱ በወኅኒ ቤት በረኃብ የሞተ አንድ ታላቅ ሊቅ ነበረ። ይኸውም የመስኮብ ተወላጅ የሆነው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። አንባብያን እንዳይደናገሩ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቫቪሎቭ በኅዳር ወር 1880 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤት ተወልዶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበረ፤ ልጁም እንደ እርሱ ነጋዴ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። የልደቱ ዘመን እኛ ዘንድ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው፥ ከብቱ አልቆ እርሻው ጦም ያደረበት ጊዜ የጀመረበት ዘመን ነው። በሩሲያም በ1884 ዓ.ም. በቮልጋ ወንዝ ዙሪያ ብርቱ ረኃብ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። ሕፃኑ ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ስለ ነበረ ራሱ ያየው ነገር ብዙ ባይሆንም፥ በእርሱ ትውልድ ለነበሩት የሩሲያ ተማሪዎች የረኃብ ነገር ከአእምሮ የማይጠፋ ጭንቀት ሆኖ ኖረ። ወንድሙ ሰርጌይ የፊዚክስን ትምህርት ሲመርጥ፥ ኒኮላይ ግን የግብርና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1903 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጸመ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደና ዊልያም ቤትሰን ከተባለው ሊቅ ዘንድ ተማረ። በዚያን ጊዜ የኦስትሪያው መነኩሴ የግሬጎር ሜንዴል ሥራ ለብዙ ዓመት ተረስቶ ከቆየ በኋላ እንደ ገና መታወቅ ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመት ብቻ ነበር። ሜንዴል አተርን ከአተር እያዳቀለ የአበባው ቀለም፥ የፍሬው ቅርጽና የግንዱ ቁመት ከወላጅ ወደ ልጅ በተወሰነ ሕግ እንደሚተላለፉ ያሳየ ሰው ነው። ይህ ጄኔቲክስ የሚባለው ትምህርት ነው። ቫቪሎቭም የረኃብ መድኃኒት በዚህ ትምህርት ውስጥ እንደሚገኝ ተረዳ። ዋግ የማይጥለው ስንዴ፥ ብርድ የማይገድለው ገብስ፥ ዝናብ ቢያጥር የሚታገሥ ማሽላ በዓለም ላይ በአንዱ ቦታ ካለ፥ ያን ፈልጎ አግኝቶ ከሌላው ጋር ማዳቀል ይቻላል። ነገር ግን አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል።

ወደ አገሩ ተመልሶ በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነ። በሰኔ 1912 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በተደረገው የግብርና ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር ስሙን በአንድ ቀን አስጠራው። የንግግሩም ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ዝምድና ያላቸው ዕፀዋት መልካቸውን የሚለዋውጡት ዘፈቀደ ሳይሆን በተመሳሳይ መንገድ ስለ ሆነ፥ በአንዱ የስንዴ ዓይነት የታየው ልዩነት በዘመዱም ዘንድ ይጠበቃል። ለምሳሌ የዳቦ ስንዴ ራሱ ላይ እንደ ጢም ሹል የሚያወጣም፥ መላጣ የሆነም አለው። እንግዲያው የማካሮኒ ስንዴም መላጣ የሆነ ወገን ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን የማካሮኒ ስንዴ የሚያውቀው አልነበረም። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ ወደ አገራችን ስንመጣ እናገኘዋለንና።

በ1913 ዓ.ም. ወደ ፔትሮግራድ ተዛወረ፤ ይህችም ከተማ በኋላ ሌኒንግራድ የተባለችው፥ ዛሬ ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ በርግ የምትባለው ናት። በሩሲያ አብዮት ተደርጎ፥ የእርስ በርስ ጦርነት አልፎ፥ በቮልጋ ዙሪያ ዳግመኛ ታላቅ ረኃብ የገባበት ዘመን ነበረ። አዲሱ መንግሥት እህል የሚያበዛለት ሰው ይፈልግ ስለ ነበር ለቫቪሎቭ ሥልጣንም ገንዘብም ሰጠው። እርሱም አገሪቱን በሙሉ የሚሸፍን የዕፀዋት ምርምር ተቋም አቆመ፤ በ1921 ዓ.ም. የመላው ሶቪየት ሩሲያ የግብርና አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። የኮሙኒስት ፓርቲ አባል አልነበረም፤ ነገር ግን መንግሥቱን ከልቡ ያገለግል ነበር። ብዙ ቋንቋ ይናገራል፤ በቀን ከአራትና ከአምስት ሰዓት በላይ አይተኛም ነበር ይባላል። ፋርስን፥ አፍጋኒስታንን፥ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ አገሮችን፥ ቻይናንና ጃፓንን፥ ሜክሲኮንና ደቡብ አሜሪካን ዞረ። እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ በተቋሙ መደርደሪያ ላይ የተከማቸው የዘር ናሙና 250,000 ያህል ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ የዘር ጎተራ ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ታይቶ አያውቅም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1919 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። በዚያን ጊዜ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን፥ ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነት ነበሩ። በሁለቱ መንግሥታት መካከል የመልእክተኛ ግንኙነት ስላልነበረ የሶቪየት ሰው ወደ አገራችን መግባቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ቫቪሎቭ ግን ከጅቡቲ በባቡር ተሳፍሮ ገባ፤ አዲስ አበባም ደርሶ ከልዑል ራስ ተፈሪ ፊት ቀረበ። እርሳቸውም በመልካም ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮትም ነገር አጥብቀው ጠየቁት፤ በአገሩ ውስጥ ተዘዋውሮ ዘር እንዲሰበስብም ፈቀዱለት። በኋላ በገዛ አገሩ የደረሰበትን ስናስብ፥ የአንድ ዘውዳዊ መንግሥት አልጋ ወራሽ ለአንድ የአብዮት አገር ሊቅ የይለፍ ፈቃድ መስጠታቸው ያስደንቃል። ዘር ለመሰብሰብ የመጣ ሰው ስለ መሆኑ እንጂ ከየትኛው ወገን ስለ መሆኑ አልተጨነቁም ነበርና።

ከዚህ በኋላ በቅሎዎች ተገዝተው፥ ሰዎች ተቀጥረው፥ ስንቅ ተሰንቆ ጉዞው ወደ ሰሜን ሆነ። በጣና አካባቢና በጎንደር በኩል አልፎ አክሱም ደረሰ፤ ከዚያም በአሥመራ በኩል ወደ ምጽዋ ወርዶ በሚያዝያ ወር በመርከብ ወጣ። አራት ወር በማይሞላ ጊዜ ከ6,000 በላይ ናሙና ሰብስቦ ነበር። በየማሳው እየቆመ ዛላ ይቆርጣል፤ በየገበያው እየዞረ ከእያንዳንዱ እህል ጥቂት ጥቂት ይገዛል። ገበያችን ለእርሱ መጽሐፍ ሆነለት ማለት ይቻላል።

በአንድ ማሳ ላይ ነጩና ቀዩ፥ ጥቁሩና ሐምራዊው ስንዴ፥ ረጅሙና አጭሩ ተቀላቅሎ በቅሎ ማየቱ አስገረመው። ለአውሮፓ ገበሬ እንዲህ ያለው ማሳ የስንፍና ምልክት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ዋግ የመጣ እንደ ሆነ ሁሉንም አይጨርሰውም፤ ዝናቡ ቀድሞ የቆመ እንደ ሆነ ፈጥኖ የሚደርሰው ይተርፋል፤ ገበሬው በባዶ እጁ አይገባም። ይህን ብልሃት ያገኙት በትምህርት ቤት ያልተማሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው፤ በተለይም ከአጨዳው መካከል ለዘር የሚሆነውን እየመረጡ የሚያስቀሩት እናቶች ናቸው። ጤፍ፥ ኑግና እንሰት ከዚህ አገር የወጡ መሆናቸውን ቫቪሎቭ አይቶ፥ ኢትዮጵያን በዓለም ላይ እህል ከተገኘባቸው ጥቂት ታላላቅ ምንጮች አንዷ አድርጎ ጻፋት። ያ መላጣው የማካሮኒ ስንዴም በኢትዮጵያ ማሳ ላይ ተገኘ። ሳያየው ይኖራል ያለውን ነገር ሰባት ዓመት ቆይቶ በእጁ ያዘው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ ለመናገር፥ ቫቪሎቭ ሁሉንም ነገር በትክክል አላገኘም። ልዩነቱ የበዛበት ቦታ ሁሉ መነሻው ነው ብሎ ያስብ ስለ ነበር የማካሮኒ ስንዴን መነሻ ወደ እኛ አስጠግቶት ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን ስንዴና ገብስ አስቀድመው የተለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑንና ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ በደጋችን ብዙ ሺሕ ዓመት ቆይተው ዓይነታቸው እንደ በዛ አስረድተዋል። እርሱ ራሱ በሕይወት በነበረ ጊዜ አሳቡን ደጋግሞ ያርም ነበር። ይህ እርማት የመጣው በምርምር ነው። በፖሊስ የመጣውን እርማት ደግሞ አሁን እንነግራችኋለን።

ቫቪሎቭ ከኢትዮጵያ በተመለሰበት በዚያው በ1919 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ፕራቭዳ የተባለው የሞስኮ ጋዜጣ ትሮፊም ሊሴንኮ ስለሚባል ወጣት የእርሻ ሠራተኛ የሚያመሰግን ጽሑፍ አወጣ። ሊሴንኮ በዩክሬን ከገበሬ ቤት የተወለደ፥ በአዘርባጃን አገር በክረምት አተር ያበቀለ ሰው ነው። ጋዜጣው ያመሰገነው በእርሻው ብቻ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍት የማያውቅ፥ በባዶ እግሩ ያደገ የድኃ ልጅ ስለ ሆነም ነበር። ድኃ ሆኖ መወለድ ነውር እንዳልሆነ ሁሉ የትክክለኛነትም ማስረጃ አይሆንም። እኛ ከገጠር መጥተን በአንድ ክፍል ስንማር የአባታችን ሀብት ሒሳባችንን አያርምልንም።

ሊሴንኮ የሚያደርገው ዘሩን ዘፍዝፎ በብርድ ማቆየትና ከዚያ መዝራት ነበር። አንዳንድ ስንዴ ካልበረደው የማያፈራ መሆኑ እውነት ነው፤ ከእርሱም በፊት ይታወቅ ነበር። እርሱ ግን በዚህ መንገድ የተለወጠው ጠባይ ወደ ልጅ ልጁ ይተላለፋል፥ የሜንዴልም ትምህርት ውሸት ነው ማለት ጀመረ። መንግሥት በነሐሴ 1923 ዓ.ም. አዲስ የእህል ዓይነት ለማውጣት ይፈጅ የነበረው አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ወደ አራትና አምስት ዓመት እንዲያጥር ባዘዘ ጊዜ፥ ቫቪሎቭ ስንዴ በትእዛዝ ፈጥኖ እንደማይወልድ ያውቅ ነበር። ሊሴንኮ ከታዘዘውም ባነሰ ጊዜ እጨርሳለሁ አለ። ገበሬውን በግድ ወደ ጋራ እርሻ ያስገባው ፖሊሲ በ1925 ዓ.ም. ሚሊዮኖችን በረኃብ በፈጀ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱን የሚሸከም ሰው መፈለጉ አልቀረም። ጥፋተኛው ትእዛዙ ነው ከማለት ይልቅ ሊቃውንቱ ዘገዩ ማለት ይቀላል።

ቫቪሎቭ ራሱ በመጀመሪያው ዓመታት ሊሴንኮን አበረታትቶታል፤ ለክብርም አጭቶታል። ወጣቱን ሁሉ የሚያቀርብ ቅን ሰው ስለ ነበር ነው የሚሉ አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ቅንነት ብቻ ሳይሆን የዘመኑን ነፋስ መፍራትም ሳይኖርበት አይቀርም። በየካቲት 1927 ዓ.ም. ሊሴንኮ በስታሊን ፊት ቆሞ የእርሱን መንገድ የሚቃወሙትን ሊቃውንት የሕዝብ ጠላቶች አድርጎ ሲናገር፥ ስታሊን በአዳራሹ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አመሰገነው። በዚያው ዓመት ቫቪሎቭ ከአካዳሚው ፕሬዚዳንትነት ተነሣ። ከዚያ በኋላ በሊሴንኮ ወገን ያሉት ሰዎች ጄኔቲክስን የባለጸጎች፥ የመነኩሴ፥ የፋሺስት ትምህርት ነው ይሉት ጀመር። ትምህርቱ እውነት ነው ወይ ብሎ በማሳ የሚፈትን ጠፋና፥ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ በዛ።

ግራና ቀኝ የሚባለው የፖለቲካ አነጋገር የመጣው ከፈረንሳይ አገር ነው። በ1781 ዓ.ም. በአብዮቱ ጊዜ በሸንጎው ውስጥ የንጉሡን ሥልጣን የሚደግፉት በስተ ቀኝ፥ ለውጥ የሚሹት በስተ ግራ ተቀመጡ፤ ስሙም እንደዚያው ቀረ። ስታሊንና ሊሴንኮ የግራው ወገን ነበሩ። እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው ሳይንስን የሚጠላው ግራው ብቻ ነው እንዳይል፥ በዚያው ጊዜ በቀኙ ወገን የተደረገውንም መናገር ይገባል።

በ1925 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሂትለር ሥልጣን እንደ ያዘ አይሁዳውያን መምህራን ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። ፊሊፕ ሌናርድና ዮሐንስ ሽታርክ የተባሉ፥ ሁለቱም በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ሰዎች፥ የአንስታይን ትምህርት የአይሁድ ነውና አንቀበለውም አሉ። በሐምሌ ወር በዚያው ዓመት ደግሞ ሕመምተኞችንና ደካሞችን በግድ የሚያመክን ሕግ ወጣ፤ ለዚህም የጄኔቲክስ ስም በሐሰት ተጠራ። በአማርኛችን ዘር የሚለው ቃል ለእህሉም ለሰውም ወገን ያገለግላል። ቫቪሎቭ የእህሉን ዘር ልዩነት ሰውን ለማብላት ሲሰበስብ፥ እነዚያ የሰውን ዘር ልዩነት ሰውን ለማጥፋት ፈለጉት። በሌኒንግራድ ጄኔቲክስ የፋሺስት ትምህርት ተብሎ ሲነቀፍ፥ በበርሊን ደግሞ ፋሺስቶቹ ትምህርቱን አጣመው ለእርድ ያዘጋጁት ነበር።

ሁለቱንም ወገን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ነበረ። ኸርማን ሙለር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ኤክስ ሬይ በዝንብ ዘር ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ በ1919 ዓ.ም. አሳይቶ የታወቀ ነው። አሳቡ ወደ ግራው ያዘነበለ ነበር። በበርሊን ሲሠራ ናዚዎች መጡበት፤ ከዚያ በቫቪሎቭ ግብዣ ወደ ሌኒንግራድ ሄደ። በዚያም የሥራ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ሲታሰሩና ሲገደሉ አይቶ በ1929 ዓ.ም. ከሩሲያ ወጣ። በኋላ የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል።

ያ 1929 ዓ.ም. ለእኛም የመከራ ዓመት ነው። የየካቲት 12 ቀን ጭፍጨፋ በአዲስ አበባ የተፈጸመው፥ የኢጣልያ ፋሺስቶች በውጭ አገር ተምረው የተመለሱትን ወጣቶቻችንን እየለቀሙ የፈጁት በዚያው ዓመት ነው። አውሮፕላን ነጂ፥ መሐንዲስና መምህር ይሆኑ የነበሩ ልጆች በአንድ ጊዜ አለቁ። በማግሥቱ ዓመት በሐምሌ 1930 ዓ.ም. በኢጣልያ የፕሮፌሰሮች ስም ያለበት የዘረኝነት መግለጫ ወጣ፤ ቀጥሎም አይሁዳውያን ሊቃውንት ከማስተማር ታገዱ። በዚያው በ1930 ዓ.ም. በየካቲት ወር በሞስኮ ሊሴንኮ የግብርናው አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። ሮማና ሞስኮ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ጠላቶች ነበሩ፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ሆኑ።

በ1929 ዓ.ም. በሞስኮ ሊደረግ የታቀደው የዓለም የጄኔቲክስ ጉባኤ ተከለከለ። ጉባኤው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ሲደረግ ቫቪሎቭ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጦ ሳለ መንግሥቱ እንዳይሄድ ከለከለው፤ ወንበሩም ባዶ ቀረ። ወዳጆቹ ዝም እንዲል ሳይመክሩት አልቀሩም። አንድ ቃል ተናግሮ የሜንዴልን ትምህርት ቢክድ ሥራውም ሕይወቱም ይተርፍለት ነበር፤ እንደዚያ ያደረጉ ነበሩና። እርሱ ግን በስብሰባ ላይ ቆሞ የሚያምነውን ተናገረ፤ ተቋሙንም ሳይለቅ ሠራ።

ሐምሌ 30 ቀን 1932 ዓ.ም. በምዕራብ ዩክሬን በካርፓትያ ተራሮች አጠገብ ዘር ለመሰብሰብ ወጥቶ ሳለ ጥቁር አውቶሞቢል መጥቶ ወሰደው። ጓደኞቹ በዚያ ሌሊት የተወውን ከረጢት ፈተው ሲያዩ በዚያ ቀን የሰበሰበውን የጥንት ዓይነት ስንዴ አገኙበት። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ያህል በሌሊት በሌሊት እያስነሡ መረመሩት። ሐምሌ 2 ቀን 1933 ዓ.ም. በጥቂት ደቂቃ ፍርድ ሞት ተፈረደበት። የእንግሊዝ ሰላይ ነህ፥ የአገሩን እርሻ በአሻጥር አበላሽተሃል፥ የቀኝ ወገን የምሥጢር ማኅበር አባል ነህ የሚል ነበር ክሱ። የቀኝ ሰው ቢሆን ኖሮ ከኢትዮጵያም ከሜክሲኮም የለቀመውን ዘር ሁሉ ለአብዮቱ መንግሥት ምን ብሎ ያስረክብ ነበር?

የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ በቀረበ ጊዜ እስረኞቹ ወደ ሳራቶቭ ተወሰዱ። ያች ስሙ የተጠራባት፥ ወጣት መምህር ሳለ ተማሪዎቹ የከበቡባት ከተማ ናት። በወኅኒ ቤቱ ውስጥ አብረውት ለታሰሩት ሰዎች ስለ ዕፀዋትና ስለ እርሻ ታሪክ ያስተምር ነበር። በ1934 ዓ.ም. የሞት ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠለት፤ በዚያው ዓመት የለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር የውጭ አገር አባል አድርጎ መረጠው። ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. ሰውነቱ በረኃብ አልቆ በእስር ቤቱ ሐኪም ቤት ሞተ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር። ባለቤቱ የሌና ባሩሊና ከሌኒንግራድ ሸሽታ ከልጇ ጋር በዚያችው በሳራቶቭ ትኖር ነበር። ባልዋ በጥቂት መንገድ ርቀት ላይ ሳለ በሞስኮ ያለ መስሏት ስንቅ ትልክለት የነበረው ወደ ሞስኮ ነው።

በሌኒንግራድ የቀሩት ባልደረቦቹ ነገርም ከዚህ ያነሰ አይደለም። የሂትለር ጦር ከተማይቱን ከ1933 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ጥር 1936 ዓ.ም. ከብቦ 872 ቀን ያህል አስራባት። በተቋሙ ውስጥ በቶን የሚቆጠር ስንዴ፥ ሩዝ፥ ገብስና ድንች ተቀምጦ ነበር። ጠባቂዎቹ ሊቃውንት አልበሉትም። የሩዙን ክምችት የሚጠብቀው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢቶች መካከል፥ የለውዙ ጠባቂ አሌክሳንደር ሽቹኪን በጠረጴዛው ላይ እንደ ተደፋ በረኃብ ሞቱ፤ ሌሎችም ብዙዎች እንዲሁ። አለቃቸው የሕዝብ ጠላት ተብሎ ታስሮ ሳለ የሰበሰበውን ዘር ለሕዝብ ጠበቁለት። በዩክሬን በነበሩት የተቋሙ ቅርንጫፎች ደግሞ በ1935 ዓ.ም. ሃይንዝ ብሩኸር የተባለ የናዚ የዕፀዋት ሊቅ ከወታደሮች ጋር ገብቶ ዘሩን ዘርፎ ወሰደ። የግራው ወገን ሰብሳቢውን ገደለ፤ የቀኙ ወገን ስብስቡን ሰረቀ።

ሊሴንኮ በ1940 ዓ.ም. ክረምት በአካዳሚው ስብሰባ ላይ የስታሊንን ፈቃድ ይዞ ጄኔቲክስን ከሩሲያ ትምህርት ቤቶች አስወጣ። ከዚያም በኋላ አንድ ዓይነት ዕፀዋት እርስ በርሳቸው አይሻሙም፥ እንደ አንድ መደብ ሰዎች ይረዳዳሉ እንጂ ብሎ የዛፍ ችግኝ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ብዙ ተደርጎ እንዲተከል አዘዘ። ችግኞቹ ይህን ትምህርት አልሰሙም ነበርና አብዛኞቹ ደረቁ። ቫቪሎቭ በነሐሴ 1947 ዓ.ም. ጥፋት እንዳልነበረበት በፍርድ ቤት ታወጀ፤ ሊሴንኮ ግን እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ ከሥልጣን አልወረደም። በእነዚያ ዓመታት የሩሲያ ተማሪዎች በሌላው ዓለም ያሉ እኩዮቻቸው የሚማሩትን ሳይማሩ ቀሩ።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው እንዳይል በዙሪያችን የሚነገረውን ያድምጥ። ምርጥ ዘር የተባለው ሁሉ የፈረንጅ ተንኮል ነው፥ መሬት ያመክናል፥ ክትባትም እንዲሁ ነው የሚሉ አሉ፤ እነዚህ የአባቶችን ነገር የሚያከብሩ ናቸው። ያባቶች ዘር ኋላ ቀር ነው፥ ተጠርጎ ይጣል፥ ዘመናዊ ያልሆነ ሁሉ ይጥፋ የሚሉም አሉ፤ እነዚህም ዕድገት ወዳጆች ነን የሚሉ ናቸው። ሁለቱም ዘሩን በሁለት እርከን ጎን ለጎን ዘርተው ሲመዝኑ አላየንም። በመሸንቲ ብዙዎቻችን ቤት የዳጉሳው ዘር ከአያት የመጣ ነው፤ የበቆሎው ዘር ከገበሬዎች ማኅበር በከረጢት የመጣ ነው። አንዱ ለእንጀራና ለጠላ፥ ሌላው ለብዛት ተፈልጎ በአንድ ጓሮ ይኖራሉ። ገበሬው ወገን ሳይለይ የሚያዋጣውን ይይዛል።

በአገራችን የቫቪሎቭን ሥራ የቀጠለ ተቋም የቆመው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ዶክተር መላኩ ወረደ ለብዙ ዓመት መርተውታል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ገበሬው የዘሩን እህል ሳይቀር ሲበላ፥ የአገሩ ዘር እንዳይጠፋ እየለቀሙ ያስቀመጡትና ኋላም ለገበሬው የመለሱት በእርሳቸው ዘመን የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘው ቢጫ ድንክ የሚባለውን የገብስ በሽታ የመቋቋም ጠባይ በካሊፎርኒያ ያሉ ገበሬዎችን ሳይቀር ጠቅሟል።

ቫቪሎቭ በሳራቶቭ ከሌሎች እስረኞች ጋር በአንድነት ተቀብሯል። በቅዱስ ጴጥሮስ በርግ በይስሐቅ አደባባይ ያለው ተቋም ግን ዛሬ በስሙ ይጠራል። ዘር በመደርደሪያ ላይ ለዘላለም አይኖርም፤ በየጥቂት ዓመቱ እየተዘራና እየታጨደ መታደስ አለበት። በ1919 ዓ.ም. ከእኛ ማሳ የተወሰደው ስንዴና ገብስም ይኸው በሩሲያ ምድር እየተዘራ፥ እየታጨደ፥ ወደ መደርደሪያው እየተመለሰ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል።